ድንጋይ ለቃሚዋ መምህርትና ሁለቱ ቴርሞሜትሮች

ቢቸና ላይ «የወይንእሸት ቤት የት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «የትኛዋ ወይንእሸት?» ትባላላችሁ። «ድንጋይ ለቃሚዋ መምህርት» ካላችሁ ግን ባለባጃጁ ራሱ በሯ ድረስ ያደርሳችሁና «ሰላም በሉልኝ፣ እኔንም አስተምራኛለች» ይላችኋል።

ቦርሳዋን ከፍቶ ያየ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ሌላ ሴት መስታወትና ማበጠሪያ በምታስቀምጥበት ኪስ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ ድንጋይ፣ አንድ ጊዜማ የቅጠል ምልክት ያለበት ድንጋይ አይተናል። የቦርሳው ማንገቻ በየዓመቱ ይበጠሳል፣ እሷም በየዓመቱ ታሰፋዋለች።

የሞጣ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ የስፌት መኪናቸውን በበቅሎ ጭነው ከገበያ ገበያ ይዞሩ ነበር። እሷ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከኋላ ትከተላለች። የደጋ ገበያ ሲሆን ገብስና ድንች፣ ወደ ቆላ ሲወርዱ ማሽላና በርበሬ ታያለች። «ጂኦግራፊን የተማርኩት ከበቅሎ ጭራ ኋላ ነው» ትለን ነበር።

እኛ ትምህርት ቤት ስትመደብ ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እኛ ክፍል በገባች በመጀመሪያው ቀንም እንዲህ አለችን፤ «አንቱ አትበሉኝ፣ ገና ባል አላገባሁም፣ ታስረጁኛላችሁ።» ከዚያ ወዲህ «ቲቸር፣ አንቺ» እያልን ቀረን። አሁን የሦስት ልጆች እናት ሆናም አንቱ የሚላት የለም።

አንድን ነገር ሳታሳይ ማስተማር አትችልበትም። የአፈር መሸርሸርን ያስተማረችን ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ቦረቦር ውስጥ አቁማን ነው። ስለ አየር ንብረት ስታስተምር ደግሞ በገበያ ቀን ደብተር አስይዛ ወደ እህል ተራ ወሰደችን። «እያንዳንዱ እህል ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ጻፉ» አለች። አርባ ተማሪ እስክሪብቶ ይዞ ሲከበው አንዱ የማሽላ ነጋዴ ደነገጠና ጆንያውን በጋቢው ሸፈነ።

«የምን ማሽላ? እኔ ማሽላ የለኝም!» አለ።

«ጋሼ፣ ከየት እንዳመጡት ብቻ ነው» ብንለው፣

«እሱን ነው የማልነግራችሁ! ግብር የምትጥሉት እንዲህ በልጅ አስመስላችሁ ነው?»

መምህርት ወይንእሸት ሳቋን እንደምንም ይዛ አስረዳችው። መጨረሻ ላይ ሰውዬው የመጣበትን ቀበሌ ብቻ ሳይሆን የአማቱን ስም ጭምር አስመዘገበን።

እሷ ግን በዚህ አልረካችም። ከእኛ በፊት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ የዳይሬክተሩን በር ስታንኳኳ ቆይታለች። ተማሪዎቿን ጉንደ ወይን ወስዳ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል ላይ ልታሳይ ትፈልጋለች፤ ደጋው የት ላይ እንደሚያልቅ፣ ቆላው ከየት እንደሚጀምር። ዳይሬክተራችን አቶ ሣህለ ማርያም ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ግን ጉዞ የሚባል ነገር ሽርሽር ይመስላቸዋል።

በ1996 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አሏት፤ «እሺ፣ አንድ ጊዜ ሂዱ። ሰኞ ሰልፍ ላይ ግን አንድ ተማሪ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የማያገኘውን አንድ ነገር ይንገረኝ። ከነገረኝ በየዓመቱ ትሄዳላችሁ። ካልነገረኝ፣ መምህርት፣ ሁለተኛ ስለ ጉዞ እንዳታነሺብኝ።»

እሷም መጥታ ለእኛ ለዘጠነኛ ቢ ተማሪዎች ሳትደብቅ ነገረችን። «ከእናንተ በኋላ የሚመጡት ልጆች ይህን ማየት አለማየታቸው በእናንተ እጅ ነው» አለች።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። ከላብራቶሪ ሁለት ቴርሞሜትር በጨርቅ ጠቅልላ ተዋሰች፣ አንዱ ቢሰበር አንዱ እንዲተርፍ። ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ጉንደ ወይን፣ በመጨረሻም ከገደሉ በታች ሙቀት እየለካን እንጽፋለን። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ሲጨምር በዓይናችን እናያለን። መኪናው የአንድ እህል ነጋዴ አይሱዙ ነው፤ ሾፌሩ ጋሽ ያየህ «ከዘጠኝ ተኩል በኋላ ጉንደ ወይን ላይ አንድ ደቂቃ አልቆምም፣ ማታ ጤፍ እጭናለሁ» ብሎ አስጠንቅቋል።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንሰበሰብ ግን የትምህርት ቤቱ ደጅ ላይ ከተማሪው የሚበልጥ ሰው ቆሟል። ለካ ወሬው ቢቸናን አዳርሷል፣ ወሩም ጥር ነው፣ የሰርግ ወር። ደብረ ወርቅና ጉንደ ወይን ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ ቢቸና ላይ የለም።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ የሺእመቤት ናቸው፣ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት። አንድ ቅል ቅቤ ይዘዋል።

«መምርት፣ የኔ እናት፣ ደብረ ወርቅ ለእህቴ ልጅ ሰርግ ነው። መንገድሽ ላይ ነው፣ ከመኪናው እንኳ አትወርጂም።»

«እትዬ፣ የትምህርት ጉዞ እኮ ነው።»

«ታዲያ ቅቤው ትምህርታችሁን ይከለክላችኋል?»

ቅሉን ተቀበለች። እዚያ ላይ ነው የተሳሳተችው። የአንዱን ተቀብሎ የሌላውን መመለስ አይቻልማ! ማር መጣ፣ ድንችና ሽንኩርት መጣ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ መጣች፣ በአዲስ ጨርቅ የተጠቀለለ የሙሽራ ቀሚስም መጣ። ቀሚሱ ለነገ እሑድ ሰርግ ጉንደ ወይን መድረስ ያለበት ነው። ጋሽ ያየህ መሪውን ይዞ «እኔ የጫንኩት ተማሪ ነው ወይስ ገበያ?» እያለ ያጉረመርማል። ቴርሞሜትሩን አየን፤ ዘጠኝ ዲግሪ። ጻፍንና ተነሣን።

ደብረ ወርቅ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስን። ቅቤውንም ሌላውንም አስረክበን ልንሄድ ነበር። የሰርግ ቤት ደጅ ደርሶ ሳይቀምሱ መመለስ ግን እንዴት ይቻላል? የሙሽራው እናት ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉት።

«አርባ ልጅ ደጄ መጥቶ ጦሙን ሊሄድ? ሰው ምን ይለኛል? ግቡ!»

«እናቴ፣ ሰዓት የለንም…»

«ሰዓቱን እኔ አልወሰድኩብሽም። ግቢ!»

ዳስ ውስጥ ገባን። በላን። ደግመው አቀረቡልን። ልጃገረዶቹ እስክስታ ጀመሩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከመካከላቸው ነበርኩ። መምህርት ወይንእሸት ጉርሻ በአፏ ሞልታ ሰዓቷን ታያለች። ስንወጣ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቴርሞሜትሩ ዐሥራ ስድስት ይላል። ጻፍን።

ጉንደ ወይን ስንገባ ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ሃያ ዲግሪ። ይህንንም ጻፍን። ምናለ የሚባለው የክፍል አለቃችን «ያው፣ እየጨመረ ነው!» ብሎ ደስ አለው።

ይህን ጊዜ ሥርጉት እጇን አወጣች። ሥርጉት ክፍል ውስጥ ከኋላ የምትቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜ የምትናገር ልጅ ናት።

«ቲቸር፣ ቢቸናና ጉንደ ወይን ከፍታቸው ብዙም አይለያይም ብለሽን አልነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ሳንወርድ ዐሥራ አንድ ዲግሪ ለምን ጨመረ?»

ሁላችንም ወደ ደብተራችን አጎነበስን። ሥርጉት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጨረሰችው፤ «ቢቸና የለካነው ሲነጋ ነው፣ እዚህ የለካነው በቀትር ነው። የጨመረው ቀኑ ስለገፋ ነው እንጂ ቦታው ስለተለየ አይመስለኝም።»

መምህርት ወይንእሸት ደብተሯን አየች፣ ፀሐይዋን አየች፣ ከዚያ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት የለመነችበት ጉዞ ነው። አሁን ወርደን ሠላሳ ዲግሪ ብናነብ እንኳ «ቀትር ስለሆነ ነው» ቢሉን መልስ የለንም። አቶ ሣህለ ማርያም ደግሞ ይህን ሳይጠይቁ አይቀሩም።

«ልክ ነሽ ሥርጉት» አለች። «ስህተቱ የኔ ነው። እኔ ራሴ ልነግራችሁ ሲገባኝ አላሰብኩትም።»

በዚህ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ ቀሚስ አለ። ቤቱ ከከተማው ሌላ ዳር ነው፣ መኪና አይገባም። ሁላችንም ይዘን ከሄድን መብላታችን አይቀርም፣ ገደሉን ሳናይ ዘጠኝ ተኩል ይሆናል። ካላደረስን ደግሞ ነገ አንዲት ልጅ ያለ ቀሚስ ትዳራለች። አንዱ «ጉዞው ይቅርና ቀሚሱን እናድርስ» ይላል፣ ሌላው «ቀሚሱን ለፖሊስ እንስጥ» ይላል። ጋሽ ያየህ ከመኪናው መስኮት «እኔ ልልበሰው እንዴ?» ብሎ አሳቀን።

ያልሳቀችው ቲቸር ብቻ ነበረች። ብድግ አለች።

«ቴርሞሜትር ስንት አለን?»

«ሁለት» አልናት።

«በቃ! ምናለ፣ ዐሥር ልጅ ይዘህ ቀሚሱን አድርስ። አንዱን ቴርሞሜትር ያዝ። እኛ በሌላው እንወርዳለን። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ አንተ እዚህ ላይ ታነባለህ፣ እኛ እዚያ ታች እናነባለን። ሁለታችንም ጥላ ውስጥ። ሰዓቱ አንድ ከሆነ የቀኑ ነገር ከመካከል ወጣ ማለት ነው። የሚቀረው ከፍታው ብቻ ነው።»

ምናለ ፊቱ ተለወጠ። ጉዞውን ከሁላችንም በላይ ሲጠብቅ የከረመው እሱ ነው። «ቲቸር፣ እኔ ገደሉን ሳልወርድ ቀሚስ ተሸክሜ ልመለስ?»

«ገደሉን ማንም ይወርደዋል። በሰርግ ቤት መካከል ቆሞ ሰባት ሰዓትን የማይረሳ ልጅ ግን ካንተ በቀር የለኝም።»

ከመውረዳችን በፊት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ጎን ለጎን አስይዛ እኩል ማሳየታቸውን አየች። የእሱንና የእሷን ሰዓትም አስተካከለች።

የእኛ መንገድ ቁልቁል ነበር። ጠጠሩ ከእግር ሥር ይንሸራተታል፣ አንዱ በመቀመጫው ይወርዳል፣ ሌላው ይስቅበታል። መምህርት ወይንእሸት ከፊት ሆና በየመታጠፊያው ታቆመናለች። «ይህን ዛፍ ቢቸና አይታችሁታል? አላያችሁትም። ሹራባችሁን ያወለቃችሁ እጅ አውጡ።» ሁላችንም አወጣን። እሷ እየቀለደች ነው፣ ዓይኗ ግን ከሰዓቷ አይነቀልም። ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ የግራር ጥላ ሥር ቆምን። ቴርሞሜትሩን ሥርጉት ያዘችውና ልክ ሰባት ሰዓት ላይ አነበበች። ሃያ ስድስት።

ዳገቱን እያለከለክን ወጣን። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። ምናለ ሰርግ ቤት ገብቷል። ጠላውም አለ፣ ጭፈራውም አለ፣ «ግባ፣ ብላ» የሚሉ እናቶችም አሉ። ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቢያሳልፍ ያ ሁሉ መውረድ ከንቱ ነው።

አይሱዙው ጋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ምናለ ከጎማው ጎን ተቀምጧል።

«አነበብክ?» አለች ቲቸር፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

«ቲቸር፣ ጉድ ሆኜልሽ ነበር። አስገቡን። እኔ ‹ሰባት ሰዓት ላይ ውጪ መቆም አለብኝ› ስል የሙሽራዋ አጎት ‹ምን ሆነህ ነው፣ ስዕለት አለብህ?› አሉኝ። ቴርሞሜትሩን ሲያዩ ደግሞ ሐኪም መስያቸው አንዲት አሮጊት ብብታቸውን ከፍተው ቀረቡኝ።»

«ምናለ! አነበብክ ወይ?»

«ኧረ አንብቤያለሁ! ዋንዛ ጥላ ሥር፣ ልክ ሰባት ሰዓት። አጎትየውን ምስክር አቁሜ። ሃያ አንድ።»

ሃያ አንድና ሃያ ስድስት። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቀን። መምህርት ወይንእሸት ደብተሩን ጋሽ ያየህ ፊት ዘርግታ «አምስት ዲግሪ! በአንድ ሰዓት እርምጃ!» አለችው። እሱም «እኔስ በየሳምንቱ ከደጀን ወደ ዓባይ ወርጄ ስወጣ ሸሚዜ የሚነግረኝ ይህንኑ አይደል?» ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ከመሄዳችን በፊት ግን፣ ያን ሁሉ ሲያስፈራራ የነበረ ሰው፣ ምናለና ጓደኞቹ ገደሉን ከአፋፉ እንዲያዩ ዐሥር ደቂቃ ቆመላቸው።

ሰኞ ሰልፍ ላይ ቲቸር ሥርጉትን አወጣቻት።  ሁለቱን ቁጥሮች ተናገረች። አቶ ሣህለ ማርያም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰሙ።

«ቆላ ይሞቃል ማለት ነው። ይህ መጽሐፉ ላይ አለ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

 ሥርጉት መምህርቷን አየች።

«አዎ ጋሼ፣ አለ» አለች ሥርጉት። «መጀመሪያ ግን ሌሎች ቁጥሮች ጽፈን ነበር። እነሱም መጽሐፉ እንደሚለው እየጨመሩ ነበር የሄዱት። ግን ስህተት ነበሩ። መልሱ ልክ ሆኖ መንገዱ ሊሳሳት እንደሚችል ክፍል ውስጥ ማንም አይነግረንም፤ እዚያ ሁሉም ቁጥር ተሠርቶ ነው የሚመጣው።» ከዚያ የንጋቱን ዘጠኝ፣ የደብረ ወርቁን ዐሥራ ስድስት፣ የጉንደ ወይኑን ሃያ፣ ለምን እንደጣልናቸው አስረዳች። የዳሱን ድግስ እንኳ አልደበቀችም።

አቶ ሣህለ ማርያም ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «ስለዚህ ሳትሳሳቱ ብትመለሱ ኖሮ የምትነግሪኝ ነገር አይኖርሽም ነበር?»

«አይኖረኝም ነበር ጋሼ።»

ሳቁ። እሳቸው ሰልፍ ላይ ሲስቁ ያየንበት ቀን ያ ብቻ ነው። ወደ መምህራኑ ዞረው «ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ውስጥ ይግባ» አሉ። ቃላቸውን ሳይጨርሱ የታሪክ መምህሩ ጋሽ ፋንታ «እኛስ? የደብረ ወርቅ ገዳም አጠገባችን ሆኖ የድሮ ብራና ያላዩ ተማሪዎች አሉኝ» ብለው ከመስመር ወጡ። መምህርት ወይንእሸትም ጠጋ ብላ፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ጋሽ ፋንታ፣ በጥር እንዳያደርጉት ብቻ» አለቻቸው።