አባባ የመረጡት ሽቦ

መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ውስጥ መብራት አልበራም የምትሉ፣ ዝም በሉ! እኛ ቤት በርቷል። ያበራነው እኔና አያቴ ነን፤ እንዲያውም አብዛኛውን እኔ ነኝ።

የገበሬ ማኅበሩ የጣለውን የመኪና ባትሪ ወረታ ከተማ አስሞልቼ በአህያ አመጣሁት። ሽቦውን የመረጡት ግን አያቴ አባባ ናቸው። «ቀጭኑ ይግላል፣ ወፍራሙን አምጣ» አሉ። ገመድም ይሁን ሽቦ፣ ከቋጠሩ በኋላ ሳይስቡ አይለቁም ነበር። «ያልተሳበ ቋጠሮ አይታመንም» ይላሉ። እኔም «አባባ፣ የበሬ ገመድ መሰለዎት እንዴ?» እያልሁ አሾፍባቸዋለሁ።

ያን ቀን የመጨረሻውን ሽቦ ቋጠሩና «በል ሳበው» አሉኝ። ሳብሁት፤ ጸና። አምፖሉ ቦግ አለ! «አዩልኝ አባባ?» ብዬ ዞር ስል፣ መደቡ ላይ ደገፍ እንዳሉ ነፍሳቸው ወጥታለች። ሽቦውን የቋጠሩበት ፒንሳ እንኳ ከእጃቸው አልወደቀም። እስካሁን አላምንም። መደቡ ላይም እስካሁን የተቀመጠ የለም።

አስከሬናቸው ሊነሳ ሲል የቃሬዛውን ቋጠሮ ሁሉ ሳብሁት። ቄሱ ደንግጠው «ምን ነካህ ልጄ?» አሉኝ።

«እሳቸው የሉ፣ ታዲያ ማን ይሳበው?» አልሁ።

እስከ መቃብሩ አንዱም አልላላም። ውሸት ካላችሁ ሂዱና የተሸከሙትን ጠይቁ!