በብሎን የታሰረው ወንበር

የክፍሏን በር ቁልፍ ያስነቀለችኝ ራሷ ናት። እኔ የዩኒቨርሲቲው አናጢ ነኝ፤ እሷ ደግሞ መኖር ያስጠላቸው ተማሪዎች አማካሪ። ክርኑ የሳሳ ሹራብ ትለብሳለች፤ ለእጇ የሚሰፋ የወንድ ሰዓት ታስራለች። ስልኳ ሁለቴ አይጠራም። ተማሪ ሲመጣ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ አስቀምጣ ድምጿን እንደ ጥጥ ታለሰልሳለች።

ከጠረጴዛዋ ፊት ያለውን ወንበር ግን ከወለሉ ጋር በብሎን አሳስራኛለች። ከራሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ ደግሞ "ያለ ቀጠሮ መግባት ክልክል ነው" የሚል የወየበ ማስታወቂያ በምስማር አስመትታኛለች። ከሥሩ የዲኑ ፊርማ አለ።

"ወንበሩ ሊሮጥብሽ ነው እንዴ?" ብላት፣ "ወንበሩስ የት ይሄዳል ጋሼ፤ የሚሸሸው የሚቀመጥበት ነው" አለችኝ።

ዛሬ መስኮቷን ስጠግን ዲኑ የወሩን ሪፖርት ሊወስድ መጣ። ተቀመጠና ወንበሩን ወደ ጎን ሊያዞር ታገለ። ወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

"ይህን ወረቀት አሁንም አላነሳሽውም?" አላት።

"ታናሽ ወንድሜ እሱን አንብቦ ነው ከበሩ የተመለሰው። ለሰኞ ቀጠራችሁት፤ ቅዳሜ ቀበርነው።"

"ይቅርታ ጠይቄሻለሁ እኮ!"

"እኔን ጠይቀዋል። እሱ ይቅር ሲልዎት አነሳዋለሁ።"

ስልኩ ጠራ። ሳይደግም አነሳችው። "አለሁ የኔ እናት፣ የትም አልሄድም" አለች ለስለስ ብላ፤ ዓይኗን ግን ከሰውዬው ላይ አልነቀለችም።