ድርሰት፦ እታፈራሁ፣ ሐሳብ፦ ቱሜ

ልጅ እያለሁ ቅናት ሲይዘኝ የሚያሳብቅብኝ ጆሮዬ ነበር። ሌላው ሰው ሆዱ ይቃጠላል ይባላል፤ የእኔ ግን ግራ ጆሮዬ ነው የሚግለው። እናቴ ይህን ስለምታውቅ ለእህቴ አዲስ ጫማ የተገዛ ቀን ጆሮዬን በሁለት ጣቷ ይዛ «ደግሞ ጀመራት» ትል ነበር። ዕድሜዬ ከአርባ አልፎ፣ እዚሁ ነገሌ ለሃያ ዓመት አማርኛ አስተምሬ፣ ሁለት ልጆች ወልጄ ነገሩ የተወኝ መስሎኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቼ ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠን አዲስ ድራማ ሲጀምር መጀመሪያ የመጣው ጽሑፍ «ድርሰት፦ ቱሜ» ይላል። የአባቷ ስም ተከትሎ ነበር፤ እኔ ግን እስከዚያ አላነበብኩም። ትልቋ ልጄ ዘወር ብላ አየችኝና «እማዬ፣ ጆሮሽ ቀላ» አለችኝ።

ስለ ቱሜ ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ቱሜ እስክትመጣ ድረስ በእኛ ትምህርት ቤት አንድ ደራሲ ብቻ ነበረች፤ እሷም እኔ ነበርኩ። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ከጎጃም በዝውውር መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ መንግሥት ሲለወጥም ከጠረጴዛው ያልተነሳ ሰው ነበር። ኮቱ ሁልጊዜ የካርቦን ወረቀትና የማኅተም ቀለም ይሸታል። ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ አስቀምጦ ቃለ ጽሕፈት ያስጽፈኛል፤ አንዱን «ሐ» በሌላው «ሀ» የተካሁ እንደሆነ ገጹን በሙሉ ያስደግመኛል። የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ደምሴ ደግሞ የጻፍኩትን ለክፍሉ ካነበበ በኋላ «ደራሲዋ» ይለኝ ነበር። ስሙ ሰፈር ድረስ ወጣልኝ። እኔም ስሙን እንደ ማዕረግ ለብሼው እዞር ነበር።

ቱሜ የመጣችው ስድስተኛ ክፍል ስንገባ ነው፤ ከአሬሮ አርብቶ አደር ወገን። አባቷ ሲሞት ነገሌ ገበያ ወተት የምትሸጠው አክስቷ ወሰደቻትና አማርኛ ትልመድ ብላ እኛ ክፍል አስገባቻት። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነበረች። አጠገቧ ስትቀመጡ በእንጨት ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ሽታ ይመጣባችኋል፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ የስድስተኛ ክፍል መስኮት ይታየኛል። በመጀመሪያው ቀን ቲቸር ደምሴ ስሟን ሲጠይቃት ተነስታ፣ እጇን በአክብሮት አጣምራ፣ «አንቺ ቲቸር፣ እኔ ቱሜ ነኝ» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኛም ብንሆን ከቤት ስንወጣ ግማሹን በኦሮምኛ የምንናገር ልጆች ነበርን፤ አስተማሪን አንቺ ማለት ግን አልደረሰብንም። ቲቸር ደምሴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከእኔ ጋር አስቀመጣትና «አንቺ አስተካክያት» አለኝ።

አስተካከልኳት። ለሁለት ዓመት ደብተሯን በቀይ እስክሪብቶ ሞላሁት። እሷ ግን አንተንና አንቺን ማምታታቷን አልተወችም፤ እኔንም «አንተ ኢታ» ትለኝ ነበር፤ እታፈራሁ ለአፏ ረዝሞባት ነው። መጀመሪያ የቀናሁባት በአማርኛዋ ሊሆን አይችልም። በእረፍት ሰዓት ግራሩ ሥር ሱዚ ስንዘል እሷ ተራዋን እየጠበቀች ስለ አንዲት ጠፍታ ስለተመለሰች ግመል ማውራት ጀመረች። ወንድና ሴቱ ተደበላልቆ ግመሏ አንዴ እሱ፣ አንዴ እሷ ትሆናለች። ልጆቹ ሱዚውን ከእግራቸው አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። እኔ መሐል ላይ ብቻዬን ቀረሁ። የምዘልለው ገመድ እንኳ አልነበረም። ያን ቀን ነው ጆሮዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በእሷ የጋለው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን ለወላጆች ቀን ድራማ ይቅረብ ተባለ። ቲቸር ደምሴ ጨምሮ ነገረን፦ ጥሩ ከሆነ ደብተሩ ያቤሎ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር ይላካል፣ ደራሲውም አብሮ ይሄዳል፤ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሄዳለሁ ብዬ የወሰንኩት እዚያው ወንበሬ ላይ ነው። የጎደለኝ ታሪክ ብቻ ነበር። ታሪኩን ቱሜ ነገረችኝ፤ ያውም የራሷን። አባቷ የሞተው ሩቅ ኤላ ላይ፣ ከብት ሊያጠጣ በወረደበት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ሞቱን ሊነግር የመጣው ሰው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ መጀመሪያ ሰላምታ ተለዋወጠ። እናቷ ስለ ሰዉ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሣሩ ትጠይቃለች፤ እሱ ለሁሉም «ናጋ» ይላል፤ ሰላም ማለት ነው። ወሬ፣ ክፉም ቢሆን፣ የሚነገረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ነው። ቱሜ የበር መቃኑን ይዛ ያን ሁሉ «ናጋ» ሰምታለች።

ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝቼ በሚያምር አማርኛ ጻፍኩት። የሰላምታው ቦታ ስደርስ ግን አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ «ናጋ፣ ናጋ» ሆነብኝና በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

«ድራማ በሰላምታ ጊዜ አይፈጅም» አልኳት።

«ሰውዬው ሳይጠየቅ እንዴት ይናገራል?» አለች ቱሜ።

«በአማርኛ ይናገራል» አልኳት።

መልእክተኛው የሚናገረውን እኔው አሳምሬ ጻፍኩለት። ስለ ሞት መራራነትና ስለ ዕንባ ጎርፍ የሚያወራ አራት መስመር ነበር፤ ቱሜ እስክትሸመድደው አንድ ሳምንት ፈጀባት። ከዚያ ሽፋኑ ላይ በአባቴ የማኅተም ቀለም «ድርሰት፦ እታፈራሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሕሊናዬ ስለቆረቆረኝ ከሥሩ በትንሹ «ሐሳብ፦ ቱሜ» ጨመርኩበት። ሐሳብ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ያሰብሽው ማለት ነው ስላት ስሟን በጣቷ እየነካች ፈገግ አለች።

በወላጆች ቀን አዳራሹ ከቆርቆሮው ሙቀት ጋር የቅቤና የአቧራ ሽታ ታፍኖበት ነበር። አባቴ ካራቫቱን አስሮ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። እኔ እናትየው ነበርኩ፤ ቱሜ የአክስቷን ባል ሽርጥ አገልድማ፣ በከሰል ጺም ተስሎላት መልእክተኛው ሆና ገባች። «ምን ይዘህ መጣህ?» አልኩ፤ በደብተሬ መሠረት እሷ ወዲያው አራቱን መስመር ማለት ነበረባት። አላለችም። በትሯን ተደግፋ አየችኝና «ናጋ?» አለች። የረሳች መስሎኝ ጥያቄዬን ደገምኩ። አሁንም «ናጋ?» አለች። ነገሌ ተወልዶ ያደገ ሰው ናጋ ተብሎ ዝም አይልም። «ናጋ» አልኩ፤ ከዚያ አፌ ራሱ ሄደ።

«ሰዉ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ኤላው ናጋ?»

«ናጋ» አለች፤ ድምጿ ግን ዝቅ አለ። የምጠይቀው ጠፋኝ። ይሄኔ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ ጭራሽ ድራማ መሆኑን የረሱ ይመስለኛል፣ «ኢጆሌን ናጋ?» ብለው ልጆቹን ጠየቁልኝ። ቱሜ ወደ እሳቸው ዞራ «ናጋ» አለች። አንድ ሽማግሌ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ሌላው ስለ ሣሩ። አዳራሹ እየጠየቀ እሷ እየመለሰች፣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቅ ነገር አልቆ ሁሉም ዝም አለ፤ ምን እንደሚመጣ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ቱሜ በትሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። የሸመደደቻቸውን አራት መስመሮች ጠበቅኩ። «ባልሽ ሞተች» አለችኝ።

ባልሽ ሞተች። በሌላ ቀን ቢሆን ያ አዳራሽ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ማንም አልሳቀም። አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። አባቴ፣ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ገጽ የሚያስደግመው አባቴ፣ መነጽሩን አውልቆ በመሐረብ ይጠርግ ነበር። እኔ መድረኩ መሐል ቆሜ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አለቀስኩም፤ ሰው ሁሉ ለባሌ መስሎታል።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ «ያቺ ልጅ የማን ናት?» አለኝ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ድርሰቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት። ቆም አለና «ሰላምታውንም አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጆሮዬ እሳት ሆኗል። «አዎ» አልኩት። እጁን ራሴ ላይ ጭኖ እስከ ደጃችን ድረስ አላነሳውም።

ያቤሎ የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ሽፋኑ ላይ ድርሰት የሚለው አጠገብ ያለው ስም የእኔ ነውና። በምሄድበት ጠዋት ቱሜ በትንሽ ጀሪካን ወተት ይዛ መኪናው ድረስ መጣች። መንገዱ በአሬሮ በኩል ስለሆነ «እናቴን ካየሃት ናጋ በልልኝ» አለችኝ። አሬሮ ላይ አይሱዙው ውሃ ሊጨምር ቆሞ ነበር፤ አልወረድኩም። ያቤሎ ላይ እያንዳንዳችን እዚያው ቁጭ ብለን አንድ ትዕይንት እንድንጽፍ ታዘዝን። ስህተት የሌለበት ነገር ጻፍኩ። ከዳኞቹ አንዱ «አማርኛዋ ንጹሕ ነው» አለ፤ ሌላ የተባለልኝ ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የቱሜን ሕይወት የሰማሁት ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር ከምታስቆመኝ ከአክስቷ ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ቲያትር ተማረች። የመጀመሪያ ተውኔቷ ቦቴ መኪና ውሃ ይዞ እስኪመጣ ስለሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበር፤ የቲያትር ሰዎቹ ሰላምታው ይጠር ብለዋት እምቢ ስላለች ሦስት ዓመት ተቀመጠ አሉ። አልዋሽም፣ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ከአክስቷ ሁለት ሊትር ወተት ገዛሁ። በአራተኛው ዓመት ሰላምታው ሳይነካ መድረክ ላይ ወጣና ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ቀጥሎ የሬዲዮ ድራማ ጻፈች፤ ቀጥሎ ፊልም፤ አሁን ደግሞ በየሳምንቱ ሳሎኔ ትገባለች። እኔ ሦስት ተውኔት ጽፌያለሁ። መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ አንድ የፊደል ስህተት አይገኝባቸውም።

አንድ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ስትሰጥ ጠያቂው አማርኛ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት። «ኢታ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፤ ደብተሬን ታርምልኝ ነበር» አለች። ባሌ ስሜ ቴሌቪዥን ላይ ተጠራ ብሎ ደስ አለው። እኔ ሳህን ላጥብ ተነሳሁ። ታርምልኝ ነበር ነው ያለችው።

ባለፈው እሑድ ድራማው እንዳለቀ ከአክስቷ ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው ለየችው። «ናጋ?» አለችኝ። ናጋ አልኳት። ልጆቼን ጠየቀች፣ ባሌን፣ እናቴን፣ ተማሪዎቼን፣ ዝናቡን። ለሁሉም ናጋ አልኩ። ከዚያ ጥያቄው አለቀና ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ አሁን ወሬሽን ንገሪኝ ማለት ነው።

«ያኔ ሰላምታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ አባቴን ዋሽቼዋለሁ» አልኳት። «እንደዚያ እያመነ ነው የሞተው። ቀንቼብሽ ነው። ዛሬም እቀናብሻለሁ፣ ቱሜ።»

ሳቀች፤ ያው የግራሩ ሥር ሳቅ ነው። «አንተ ኢታ» አለች፣ አሁን ግን ሆን ብላ፣ «ይሄማ የቆየ ወሬ ነው። አባትሽ በሳምንቱ ወተት ሊገዙ መጥተው ጠይቀውኝ ነበር። አዎ፣ እሷ ናት የጻፈችው አልኳቸው። በጣም ደስ አላቸው።»

ያኔ የምቀናው በአፏ ነበር፤ በኋላ በስሟ፣ በመድረኳ፣ ሰው ሁሉ «የእኛ ልጅ» ስለሚላት። ዛሬ ግራሩ ተቆርጦ የስልክ ማማ ቆሞበታል፣ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኗል፣ አባቴም የለም፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የምቀናበት አዲስ ነገር አገኘሁ። ለሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ሳትነግረኝ ይዛው ኖራለች።

«አዲስ ወሬ የለሽም?» አለችኝ።

አንድ የጻፍኩት ነገር አለ አልኳት። «ላኪልኝ» አለች፣ «አላርመውም።» ስልኩን ስዘጋ ልጄ አጠገቤ ቆማ ጆሮዬን ታያለች። ስልኩ ነው ያጋለው አልኳት።