የአያቴ ቃሪያ

አያቴ ቦንጋ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቃችን በር ላይ፣ በዘይት ቆርቆሮ ቃሪያ ይተክሉ ነበር። ባጃጅ አንዱን ሲገጭባቸው ግንዱን በጨርቅ ያስሩትና ከጎኑ ይቀመጣሉ። ደንበኛ ቢመጣ እንኳ "ትንሽ ታገሡኝ፣ በሽተኛ አለኝ" ይሉት ነበር።

አምና ስለ ዕፅዋት ተምሬ እየሮጥኩ መጣሁ። "እማማ፣ ቃሪያው የህዋሱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ የሚነቁ ጂኖች አሉት። ራሳቸው ያስጠግኑታል፤ እርስዎ ባይቀመጡም ይድናል!" አልኳቸው። ማንም እንደዚያ በደስታ ሰምቶኝ አያውቅም።

"ወላሂ? ግንበኛው ውስጡ ነዋ!" ብለው ሳቁ።

"ታዲያ አሁን ይነሳሉ?"

"ምን በወጣኝ! እኔ መች ልጠግነው ተቀመጥኩ? እስኪድን ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው እንጂ።"

አሁን ለአያቴ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ሄዷል። ደንበኞች ልማድ ሆኖባቸው ወደ በሩ ጥግ ያያሉ፤ ማንም የለም። እናቴ ሱቁን ከፍታ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጣለች። "ሂጂ አጥኚ፣ እኔ ደህና ነኝ" ትለኛለች። ውላ አድራ ደህና እንደምትሆን አውቃለሁ። ግን አልሄድኩም፤ ይህን የምጽፈው አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

አያቴንም አላህ እዚያ በሄዱበት አጠገባቸው የሚቀመጥ አያሳጣቸው።