ለፓርኪንግ የታሰበው ጉብታ

ንጋት፣ ሬይኖልድስበርግ

የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን የምነዳው እኔ ነኝ። ዛሬ ወደ ሰሜን እንሄዳለን፤ ለአዲሱ ሕንፃ የታጨውን መሬት አይተን፣ ጸልየንበት፣ እዚያው ድምፅ ልንሰጥ። ኖርዝላንድ ሰፈር ላይ ፓስተሩን፣ ሽማግሌዎቹንና እትዬ አበባን ጫንኩ። እትዬ አበባ ባለቤታቸውን አምና እዚሁ ኮሎምበስ ቀብረዋል። ጋሼ ግርማ፣ የሕንፃ ኮሚቴው መሐንዲስ፣ ካርታቸውን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ።

«ወደዚያ አካባቢ የኛ ሰው ገና አልገባም» አሉ ደስ ብሏቸው። «አቅኚዎቹ እኛ ነን!»

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ነዳጅ ማደያ ቆምን። ቀዝቃዛ ቡናና የደረቀ ዶናት፣ አምስት ዶላር። ከማደያው አጠገብ የታሪክ ሰሌዳ ቆሟል፤ የመጀመሪያው ሰፋሪ ጫካውን መንጥሮ የግንድ ቤት እንደሠራ፣ ቀያሾች በሰንሰለት እየለኩ መሬቱን እንደሸነሸኑት ይተርካል።

«ከሱ በፊትስ ማን ነበር?» አልኩ።

«ማንም። ቢኖር ይጻፍ ነበር» አሉ ጋሼ ግርማ።

ቀዝቃዛ ቡናዬን ተጎነጨሁ። ለታላቅ ሰው ክብር ሲባል ስንቱ ቃል ይዋጣል!

እኩለ ቀን፣ መሬቱ ላይ

አኩሪ አተር የታጨደበት ሰፊ ማሳ ነው። መሐሉ ላይ ክብ ጉብታ፣ አናቱ ላይ አንድ የዋርካ ያህል የሰፋ ዛፍ። ሻጩ ፈረንጅ ገበሬ ኮፍያቸውን አውልቀው ጠቆሙን፤ የጥንቶቹ የአገሩ ሰዎች መቃብር ነው፣ አባቴም እኔም አርሰነው አናውቅም አሉ።

ካርታውን አየሁት። ጉብታው የለም። በቦታው «ፓርኪንግ» ተብሏል።

«ጋሼ፣ መቃብሩ የታለ?»

«ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ሰው ያደናግራል። ቡልዶዘር በግማሽ ቀን ክሊር ያደርገዋል።»

ደሜ ፈላ። ያ ሰሌዳ ያበሸቀኝ ሳያንስ፣ ያንኑ ውሸት የራሳችን ሰው ደገመው!

ፓስተሩ እንደ ኢያሪኮ ሰባት ጊዜ እንዙር አሉ። «ምድሪቱን ወርሰናል!» እያልን ዞርን። ኢያሪኮም እኮ ሰው ነበረባት። ሰልፉ ጉብታው ላይ ሊወጣ ሲል እትዬ አበባ ቀጥ አሉ።

«እዚህ የተኙት ማን ይባላሉ?»

«ማን ያውቃቸዋል እትዬ?» አሉ ጋሼ ግርማ።

«የኔንስ ባል ነገ በዚህ አገር ማን ያውቀዋል? እሱም ላይ መኪና ሊያቆሙ ነው?»

 ፓስተሩ መሬት መሬት አዩና «እንጸልይበት» አሉ። ተጸለየ፤ መሬቱ ይገዛ፣ ጉብታው ይነሳ የሚሉ እጆች ወጡ። የእትዬ አበባን ባል ሬሳ የተሸከሙ እጆች ናቸው። ያልወጣው የሳቸውና የኔ ብቻ ነው።

አመሻሽ፣ ሞርስ ሮድ

ኖርዝላንድ መልሼ አደረስኳቸው። ሁሉም ሲወርድ ፓስተሩ «እህት ሰናይት፣ ተባረኪ። ግንባታው ሲጀመር ምዕመኑን ታመላልሺልናለሽ» አሉኝ።

ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። «መቃብር ወደሚናድበት ሰው አላመላልስም፤ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ።»

መኪናዬ ሬይኖልድስበርግ ቤቴ ደጃፍ መቅረቷ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከእትዬ አበባ ጋር የአውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆምን። ቀዝቃዛው ነፋስ ያንገበግባል።

«አሁንም ተናደሻል?» አሉኝ።

«በጣም።»

ነጠላቸውን አጣፉና ክንዴን ያዙ። «አይብረድልሽ ልጄ» አሉኝ።