ከኧርቪንግ እስከ ምሥራቅ ዳላስ፤ ስለ ልጄ እንቅልፍ

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከኧርቪንግ ተነሣን፤ እኔና የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ሰብለ። የምንሄደው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ስለ እንቅልፍ ወደሚማሩበት፣ ምሥራቅ ዳላስ ወዳለ አዳራሽ ነው። ከትምህርት ቤቷ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ሰብለ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በየቀኑ ትተኛለች፤ በዚሁ ከቀጠለች ክፍሉን ትደግማለች ይላል።

እኔ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣኋት። ከዚያ መንፈስ ነው ብዬ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቅኋት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጤነኛ ናት። እንቅልፉ ግን አልተዋትም።

ይህን ለዶና ነገርኋት። ዶና ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የቾክታው ተወላጅ ናት፤ በኤርፖርቱ ምግብ ማዘጋጃ አብረን ትሪ እንደረድራለን። የጤና ትምህርት ተምራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የወገኖቿን ልጆች ታስተምራለች። «አምጫት፤ እናቶችም ይቀመጣሉ» አለችኝ።

አውቶቡስ ላይ

መኪና የለኝም። እስከ ማቆሚያው ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፤ የእግረኛ መንገድ ስለሌለ በሣሩ ላይ ሄድን። በሀይዌዩ ዳር ሰማያዊ አበባ ፈክቷል። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱም ለየብቻ መስኮት ይዘዋል። ሰብለ ገና ሳትቀመጥ ተኛች ማለት ይቻላል።

የእኛ ቤት ኑሮ እንዲህ ነው። እሷ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ ወደ ኤርፖርት እሄዳለሁ፤ ከዚያ ስወጣ ቢሮ አጸዳለሁ። ቤት የምገባው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አባቷ ሱዳን ሳለን አርፏል። እንደገባሁ እቀሰቅሳታለሁ። ጎን ለጎን ቆመን ውዳሴ ማርያም እንደግማለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ከዚያ እኔ እተኛለሁ። በቀን ውስጥ ተረጋግቼ ከሰው ጋር የማወራባት ሰዓት ያቺ ብቻ ናት።

ዳውንታውን ስንደርስ ነካ አደረግኋት።

«ደረስን?»

«ገና አንድ አውቶቡስ ይቀረናል።»

«ማሚ፣ ስለ እንቅልፍ ለመማር ከእንቅልፍ መቀስቀስ ፌር አይደለም።»

ሳቅሁ። አብረን ከሳቅን ቆይተን ነበር።

አዳራሹ

ከጎማ መጠገኛ ጀርባ ያለ የጡብ ቤት ነው። ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች በክብ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከኦክላሆማ ለሥራ የመጡ ናቸው። ሰብለ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ከእናቶች ጋር።

ዶና በእነሱ ዕድሜ ወደ ዘጠኝ ሰዓት የሚጠጋ እንቅልፍ እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው።

«ሒሳብ ክፍል የተኛሁት ይደመርልኛል?» አለ አንድ ረጅም ልጅ።

«ያንተ ከተደመረማ ከሃያ ሰዓት ያልፋል» አለችው እህቱ።

ቀጥሎ ዶና ወረቀት አደለች። ስም አይጻፍም፤ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ስንት ሰዓት ተነሣህ፣ የቀሰቀሰህ ምንድን ነው? ሰብስባ አነበበችው። አንዱን የሚቀሰቅሰው ባቡር ነው። አንዷን ሕፃን ወንድሟ። አንዱ ሳሎን ስለሚተኛ ቴሌቪዥኑ።

«ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኛሁ» ብላ ቀጠለች ዶና። «ከሌሊቱ አሥር ተኩል ተነሣሁ። የቀሰቀሰችኝ እናቴ ናት። እኔም እነሣለሁ፤ ብቻዋን እንዳትሆን።»

ሰብለ ጫማዋን ታይ ነበር። እኔም የራሴን አየሁ። ዶና ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር ደርባ ወደሚቀጥለው አለፈች። ስለዚያ አምላኬን አመሰገንሁ።

ምሳ ላይ የዶና እናት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ሾርባው ሥጋ ነበረበት፤ ሁዳዴ መሆኑን ስነግራቸው ባቄላና በዘይት የተጠበሰ ዳቦ አመጡልኝ። «በውሃ ነው ያቦካሁት፤ ወተት የለበትም» አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ያለችው እናት የትኛዋ እንደሆነች ሳያውቁ አልቀሩም።

«በልጅነቴ የመንግሥት ሰዎች ከቤቴ ወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡኝ» አሉ። «ጨለማው ሳይገፈፍ በደወል ይቀሰቅሱን ነበር፤ ለጸሎትና ለሥራ። አድጌ ስወልድ እኔም ደወል ገዛሁ። ማንም አላዘዘኝም። ዶና አሥር ዓመት ሲሆናት ሰረቀችኝ።»

«ቀበርኩት እንጂ» አለች ዶና ከምድጃው በኩል።

«የት እንደቀበረችው እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።»

«ጸሎቱን ልተው ነው የሚሉኝ?» አልኋቸው።

«እኔም እጸልያለሁ። ልጅቷ ግን እንቅልፏን ትጨርስ።» ዳቦ ጨመሩልኝ። «አንቺስ መቼ ነው የምትተኚው?»

እዚህ አገር ከገባሁ ወዲህ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ዳቦውን ቆረስሁ።

መልስ

በመመለሻው አውቶቡስ ሰብለ አልተኛችም።

«እንደሚደክምሽ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኋት።

«ማለቴ... ክላስ ውስጥ ተኛሁ፣ ደብዳቤ ጻፉልሽ፣ ጠበል ወሰድሽኝ። ከዚህ በላይ እንዴት ልንገርሽ?»

እጇን ያዝሁ። «አንዳንዴ ሳትቀሰቅሺኝ ብቻሽን ስትደግሚ ድምፅሽ ይቀየራል» አለችኝ። «ከመኝታ ቤት ይሰማኛል።»

ኧርቪንግ እስክንደርስ ተስማማን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከሥራ ቦታ ኮል አደርግላታለሁ፤ ከዚያ ትተኛለች። አብረን የምንጸልየው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ሶ፣ አንቺ መቼ ልትተኚ ነው?»

«አንቺን ከሸኘሁ በኋላ።»

ቤት ስንገባ እግሬን አሞኝ ነበር። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ብቸኝነቴን ለልጄ አሸክሜ ጸሎት ብዬው ኖሬአለሁ። ያን አዳራሽ ያሳየኝ አምላክ ይመስገን። ዶናንና እናቷንም ያክብርልኝ።

ማክሰኞ ሌሊት በሰዓቴ ገባሁ። ጫማዬን ደጅ አወለቅሁ፣ መብራት አላበራሁም። እጄ እንደለመደው የሰብለን በር ይዞ ነበር፤ መልሼ ለቀቅሁት። ሳሎን ቆሜ በሹክሹክታ ደገምሁ። ሁለት ሰዓት ረጅም ነው። ማቀዝቀዣው ሲጮኽና ዝም ሲል ሰማሁ። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ሳልቀመጥ ቆየሁ።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ማንም ሳይቀሰቅሳት ነጠላዋን ይዛ ወጣች።

«ጨረስሽ እንዴ?» አለችኝ።

«አልጨረስሁም» አልኋት። አቡነ ዘበሰማያትን ለእሷ አቆይቼላት ነበር።