የሙሽራዋን መኪና ያስቆምኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ እዚሁ ኦክላንድ ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ሰው ስለሞተበት ብቻ አይደለም። ታሪኩን እዚያ ያልነበረ ሰው ሁሉ የየራሱን እየጨመረ ሲያወራው እሰማለሁ። ግማሹ እኔን ነፍስ አዳኝ ያደርገኛል፣ ግማሹ ደግሞ ነፍስ አጥፊ። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ላስረዳ። ወርቁ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ፣ በየመኪናው በር ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። ሞተር ማውረድ ማንም አላስተማረኝም። አይቼ፣ ፈትቼ፣ መልሼ ገጥሜ ነው ያወቅሁት። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህም ከበርክሌ እስከ ሳንታ ክላራ መኪናው የታመመበት አበሻ ሁሉ ቀድሞ የሚደውለው ለእኔ ነው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ብኩራራም ይገባኛል።

ብሩክ የሚባል ልጅ ነበር። በርክሌ ሆስፒታል ውስጥ ይሠራል። እናቱ ወይዘሮ ዘነበች ከእኛ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምታመልክ ባልቴት ናት፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። የብሩክ የልብ ጓደኛ ዳንኤል ሰናይት የምትባል ልጅ ሊያገባ ሆነ። ሽምግልና ከሄዱት አንዱ እኔ ነበርኩ። አንደኛው ሚዜ ደግሞ ብሩክ። ሙሽሮቹ የሚሄዱትም በእሱ ነጭ መኪና እንዲሆን ተወሰነ።

መኪናዋ ትንሽ የጃፓን መኪና ናት። ንጹሕ ነች፤ ቸርኬዋ ግን የዛገ ብረት ነበር፣ በላዩ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ ክዳን የለበሰ። ብሩክ በዚህ ሙሽራ አልጭንም አለ። ሰርጉ ሊደርስ ሲል ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ አዲስ ቸርኬ ልገዛ ነው፣ አብረውኝ ይምጡ» አለኝ። እኔን ትቶ ቢሄድ ይገርመኝ ነበር።

ምሥራቅ ኦክላንድ ውስጥ ቸርኬ በቸርኬ ላይ የተቆለለበት ሱቅ ሄድን። ልጁ ገና ከመግባቱ ዓይኑ የሄደው እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ ትልቅ ክሮም ላይ ነው። ዋጋውም እንደ ብልጭታው ነው። አንዱን አንሥቼ አስያዝኩት፤ ክንዱ ወረደ። ያ ትንሽ ሞተር ይህን አራቱን ሲያሽከረክር ምን እንደሚሆን ነገርኩት። የተቀመጠ ክብደትና የሚዞር ክብደት አንድ አይደለም። መኪናው ላይ ሰው ብትጨምር ሞተሩ ያማርራል፤ ጎማው ላይ ክብደት ብትጨምር ግን ሞተሩም፣ ፍሬኑም፣ አሞርዛተሩም አብረው ያማርራሉ። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከቁልቁለት ነው ያገኘሁት።

ከዚያ በኋላ እኔ መምረጥ ጀመርኩ። በግ ሲገዛ ሽንጡን እንደሚጨብጡት፣ እያንዳንዱን ቸርኬ በሁለት እጄ አነሣ ነበር። ጀርባውንም ገልብጬ የሚሸከመውን ክብደት አነባለሁ። ቀላል ሆኖ ቀጭን የሆነ አለ፤ እሱ ለውድድር እንጂ ለሰው አይሆንም። በመጨረሻ ከጥግ ላይ አቧራ የለበሰ፣ ክንዶቹ ደንደን ያሉ፣ ብርማ ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ቸርኬ አገኘሁ። ፋሽኑ ያለፈበት ስለሆነ ዋጋው ከክሮሙ ግማሽ አይሞላም። ቀላልም ጠንካራም ነበር።

ብሩክ ፊቱን አጨፈገገ። «ጋሼ፣ ይሄኮ ለሰርግ ነው። የእህል መኪና አስመሰሉብኝ።»

«ሙሽራዋን ልታደርስ ነው ወይስ ቸርኬህን ልትድር?» አልኩት።

ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ከልጁ ጋር አብሮ ሳቀ። ገዛን።

አንድ ነገር ግን ቀረ። የጎማው ብሎን ላይ የሚጠብቀውን ዳዶ ማለቴ ነው። የመኪናዋ የፋብሪካ ዳዶ አፉ ክብ ነው፤ የአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ደግሞ ሾጣጣ። ክብ አፍ ሾጣጣ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። መንገድ ሲመታው ይላላል። ሻጩ ልኩን ዳዶ አጥቶ፣ አዝዝላችኋለሁ፣ ዓርብ ኑ አለን። ብሩክን በር ላይ አቁሜ፣ ዳዶው ሳይመጣ እንዳይገጥም፣ ሲመጣም ወደ እኔ ይዞት እንዲመጣና እኔ በእጄ እንድገጥመው አስጠነቀቅሁት። «እሺ ጋሼ» አለኝ። የእኛ ልጆች ለሽማግሌ እሺ ማለት ያውቁበታል።

ዓርብ ዳዶው አልመጣም። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ብሩክ በዚያው ዕለት ማምሻውን ከመኖሪያ ቤቱ ሥር በአሮጌው ዳዶ ገጠመው። ዳንኤል ለእኔ ልደውል ብሎት ነበር አሉ። ብሩክ ግን፣ «ጋሼ ነገ ሙሽራ የሚመርቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ዛሬ ክሪክ ሥር አላስገባቸውም፣ ነውር ነው» ብሎ ከለከለው። አክብሮኝ ነው። እንደዚያ ከማክበር ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ መኪናዋን በአበባና በሪባን አጊጣ አገኘኋት። ቸርኬው ያምራል። የዳዶዎቹን ቦታ የሚሸፍን ክዳን ስላለው ከውጭ አይታዩም። ብሩክን ጠርቼ ዳዶው መጣ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሰው በአንድ በኩል፣ ቪዲዮ አንሺው በሌላ በኩል ይጎትቱታል። «ሁሉም ነገር ኦኬ ነው፣ ጋሼ» አለኝና ክራባቴን አስተካክሎልኝ ሄደ።

ጋብቻው ተፈጸመ። ግብዣው ሳን ሆዜ ነበርና በፍሪዌዩ፣ በሰፊው የመኪና አውራ ጎዳና፣ ተሰልፈን ወረድን። ፊት የሙሽሮቹ መኪና፤ ብሩክ ይነዳል፣ ከጎኑ የሙሽራዋ ሚዜ፣ ከኋላ ዳንኤልና ሰናይት። እኔና ባለቤቴ ቀጥለን። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ። የአበሻ ሰርግ እንዴት እንደሚነዳ ታውቃላችሁ። ክላክሱ አያቋርጥም፣ ሻሽ በመስኮት ይውለበለባል፣ የሙሽራው መኪና ወዲያና ወዲህ እያለ ይጨፍራል። ፈረንጆቹ እየሳቁ ያሳልፉናል።

ሄይዋርድን እንዳለፍን የመኪናዋ የግራ ኋላ ጎማ ሲዋልል አየሁ። ጥቂት ነው፤ ሌላ ሰው አያየውም። እኔ ግን አየሁ። ብሩክ መሪውን ሲያዞር ጎማው ትንሽ ዘግይቶ ይከተለዋል። አሮጌውን ዳዶ እንደገጠመው ያን ጊዜ ገባኝ። ያ ጎማ ቢወልቅ በዚያ ፍጥነት አራቱም አይተርፉም።

ክላክስ ነፋሁ። የኋለኞቹ ሁሉ ተቀብለው ነፉ። የፊት መብራቴን ብልጭ ድርግም አደረግሁ። ብሩክ በመስተዋቱ አይቶኝ ደስ አለውና መኪናዋን ይበልጥ አስጨፈራት። እያንዳንዱ ጭፈራ ዳዶውን ይፈታዋል። ባለቤቴ ምን ነካህ አለችኝ። በሰርግ መንገድ ላይ አደጋ አለ ብሎ የሚናገር ምልክት የለንም። ያለን ምልክት ሁሉ የደስታ ነው።

ተጠግቼ ጎን ለጎን ሄድኩ። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ወደ ኋላ ጎማው እያመለከትኩ ጮህኩ። ሰናይት አበባዋን አሳየችኝ። ብሩክ አውራ ጣቱን ቀሰረልኝ። ቪዲዮ አንሺው ከሌላ መኪና መስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ ሲቀርጸኝ ነበር። ካሴቱን አንድ ጊዜ አሳይተውኛል። የማስጠነቅቅ ሳይሆን የምዘፍን እመስላለሁ።

ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ቀድሜ ፊታቸው ገባሁና ፍሬቻዬን ሁለቱንም አብርቼ ቀስ በቀስ ፍጥነቴን ቀነስኩ፤ ወደ ቀኝ ዳርም ወሰድኳቸው። በድንገት ፍሬን ቢይዝ ጎማው ይሄዳልና እንዳይደነግጥ አድርጌ ነው ያቆምኩት። እንደዚያ ማቆም የሚችል ሰው ብዙ አይደለም። የፍሪዌዩ ጠርዝ ላይ ቆምን። ዳኑ፣ ቆመች፣ ተረፉ አልኩ በልቤ።

ሰልፉም ከኋላችን እየተከታተለ ቆመ። ሙሽራ ሲያልፍ መንገድ እየዘጉ ሚዜዎችን ማስጨነቅ ወጋችን ነው። እኔም መንገድ የዘጋሁ መሰላቸው። ከዳር እስከ ዳር እልልታና ክላክስ ሆነ።

ብሩክ እየሳቀ ወረደ። «ጋሼ፣ መንገዱን በስንት ይሸጡልናል?» አለ።

«የኋላ ግራ ጎማህ ሊወልቅ ነው» አልኩት። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «በመኪኖቹ በኩል አትሂድ፣ በዚህ ዙር» ብዬ ጮህኩ። ይህን ሁለተኛውን ክላክሱ ዋጠው። እየሮጥኩ ልይዘው ሞከርኩ። ዕድሜዬ ያኔም ከስልሳ አልፎ ነበር። በሚነጉዱት መኪኖች በኩል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ጎማውን ሊያይ ጎንበስ አለ። አንዲት መኪና መጣች። ከዚህ በላይ አልጽፈውም።

ክላክሱ ወዲያው አልቆመም። ከሰልፉ መጨረሻ ያሉት ምንም አላወቁም ነበርና ነፉ፣ ነፉ። ሰናይት በነጭ ልብሷ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ የብሩክን እጅ ይዛ እነሱ ይነፋሉ።

ፖሊሶች መጥተው ሁሉም ነገር ከተነሣ በኋላ የቸርኬውን ክዳን በፊታቸው አነሣሁ። ከአራቱ ዳዶዎች ሁለቱ ወልቀው ክዳኑ ውስጥ ወድቀዋል። ሦስተኛውን በጣቴ ፈታሁት። ጎማውን የያዘው አራተኛው ብቻውን ነበር፤ ጥርሱም ተበልቷል። ፖሊሱ አይቶ ራሱን ነቀነቀና ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

ወይዘሮ ዘነበች ቀድማ ሳን ሆዜ አዳራሹ ደጅ ነበረች። ሚዜው ልጇ ነውና ከሙሽራው እናት ጋር ቆማ ልትቀበለን። መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ቤቷ ገብታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ ነው ተባባልን። ሙሽራዋን አሟታል ብለን ወደ ቤቷ ልንወስዳት ተስማማን፤ እኔና ፓስተሩም ይህንኑ ልንነግራት ሄድን። ነገር ግን የሙሽራ መኪና ሲጠብቁ ሁለት መኪና ብቻ፣ ያለ አንድ ክላክስ ሲመጣ አየች። እልልታዋን ጀምራ አቋረጠችው። ከመኪና ስወርድ አየችኝና ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።

በለቅሶው ሰሞን ብዙ ተወራ። ሙሽራ መንገድ ላይ አይቆምም፣ እሳቸው ባያስቆሙት ሳን ሆዜ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር የቀረው፣ ይደርሱ ነበር አሉ። በየሳምንቱ ሟርት ከንቱ ነው የሚባልበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው እንዲህ ያሉት። ያ ጎማ የት ድረስ እንደሚሄድ ከእነሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ወይዘሮ ዘነበች አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ወሬው ደርሷት ነበር። ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ጋሼ ወርቁ፣ ባያስቆሟቸው ጎማው እውነት ይወልቅ ነበር?» አለችኝ።

«ይወልቅ ነበር፣ እህቴ።»

«ሳን ሆዜ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ።»

«ልጆቹስ?»

«ማንም አይተርፍም ነበር። ብሩክም ጭምር።»

ራሷን ነቀነቀች። እጄን ይዛ ብዙ ቆይታ ነው የለቀቀችው።

ዳንኤልና ሰናይት ዛሬ እዚሁ ቅርብ ባለችው ዳብሊን ከተማ ይኖራሉ፤ ልጅም ወልደዋል። ሲያዩኝ ያቅፉኛል፣ ቶሎም ይሄዳሉ። አልፈርድባቸውም። እኔ ያን መኪና ዛሬም ቢሆን አስቆመዋለሁ። እንዲህ ስላችሁ ግን ቀላል ነገር አድርጌ አይደለም። ሥራዬን በሚገባ ሠርቼ ሰው የሞተብኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስሕተት ብሠራ ኖሮ ቢያንስ ምኑን እንደማስተካክል አውቅ ነበር።

ወይዘሮ ዘነበች አሁንም እሁድ እሁድ ከጉባኤው በኋላ ትጠብቀኛለች። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ ትጠይቅና ሰው ገለል ሲል ያንኑ ትጠይቀኛለች። ይወልቅ ነበር ወይ። እኔ በመኪና ጉዳይ ምናልባት የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ለእሷ ስል ደግሞ ከልቤም አላስገባውም። «ይወልቅ ነበር» እላታለሁ። ትሰማኝና ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ ለአንድ ሳምንት ይበቃታል።